አስቴር ጋኖ፦ ከባሪያ ንግድ መንገድ እስከ መማሪያ መጽሐፍ

የኢትዮጵያ የባርነት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ጎልተው የሚወጡት የነገሥታቱ ዐዋጆች፣ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተፈረሙ ውሎችና በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተደረጉ ክርክሮች ሲሆኑ፣ ተሸጠው ነፃ የወጡት ሰዎች በቀሪ ዘመናቸው ያከናወኑት ሥራ ግን በጥቂት መስመር ተነሥቶ ይታለፋል። እንዲህ ከታለፉት አንዷ አስቴር ጋኖ ናቸው። በሊሙ እናርያ በነፃነት ተወልደው በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉት፣ በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ነፃ የወጡት፣ ከዚያም በኦሮምኛ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ የማንበቢያ መጻሕፍት አንዱን ያዘጋጁት እኒህ ሴት እስከ 1964 ኖረዋል (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሕይወት ዘመናቸው የባሪያ ንግዱ በይፋ ሲካሄድም፣ ባርነት በሕግ ሲሻርም አይተዋል።

ስለ አስቴር የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሊሙ ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ነቀምት ላይ ይጠናቀቃል። ይሁን እንጂ በዘመናቸው ከግቤ አገሮች የተሸጡ ልጆች ወደ ባሕር ከተነዱባቸው መንገዶች አንዱ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚባለው አካባቢ ያልፍ ስለነበር፣ አስቴር የጻፉበት ቋንቋም ዛሬ የዚሁ ዞን የሥራና የትምህርት ቋንቋ ስለሆነ፣ ታሪካቸው ለከሚሴና ለባቲ አንባቢ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ ተዘርግቷል፤ በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት በዚሁ ነው። በማሳዎቹ ማሽላና ማሾ ይበቅላል። ከከሚሴ በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የደጋው ተዳፋት አብቅቶ የአፋር በረሃ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ባቲ ትገኛለች። የባቲ የሰኞ ገበያ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሲሆን፣ ከማለዳ ጀምሮ ጊሌ የተባለውን ጩቤ የታጠቁ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ከቆላው ይወጣሉ፤ የኦሮሞና የአማራ ገበሬዎች በአህያ እህል ጭነው ከደጋው ይወርዳሉ፤ ጨው፣ ቅቤና ጨርቅም በየተራው ይዘረጋል። ሁለት የአየር ጠባዮች፣ ሁለት የኑሮ ዘይቤዎችና ከሁለት በላይ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ይህ ሥፍራ ለጨውና ለእህል ንግድ የተመቸ እንደሆነ ሁሉ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ለሰው ንግድም ተመችቶ ነበር።

በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የሚባሉት፣ ማለትም ዕቃ ጭነው በቡድን ረጅም መንገድ የሚጓዙት ነጋዴዎች፣ ከግቤ አገሮች የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና ሰው ይዘው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይጓዙ ነበር። አንዱ መንገድ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይዘልቃል፤ ሌላው በሸዋ አቋርጦ በአልዩ አምባ አጠገብ ወደነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ ይደርሳል፤ ሌላው ደግሞ በደቡብ ወሎ ጠርዝ አልፎ ወደ አውሳ፣ ከአውሳም ወደ ታጁራና ወደ ራሃይታ የባሕር ዳርቻዎች ይወርዳል። በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ በወሎ ከነበሩት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ደዌ፣ ስሙ ዛሬም በዞኑ ወረዳዎች፣ በደዋ ጨፋና በደዌ ሐረዋ ተጠብቆ ይገኛል። ባቲም እንዲሁ ከጨውና ከከብት ጎን ሰው የተሸጠባት ገበያ እንደነበረች ይታወሳል።

በዚህ መንገድ ከተነዱት መካከል የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ምክንያቱ ከባሕር ማዶ በነበረው ፍላጎት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በየመን፣ በሒጃዝና በግብፅ ያሉ ገዢዎች በዋነኛነት የሚፈልጉት ለእርሻ የሚሆን ጉልበት ሳይሆን የቤት አገልጋይና ዕቁባት ስለነበር፣ የአንዲት ልጃገረድ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከጎልማሳ ወንድ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ባሕር እስኪደርሱ ድረስ በአንድ ነጋዴ እጅ አይቆዩም፤ በየገበያው እየተሸጡ ከጌታ ወደ ጌታ ይተላለፋሉ። በኋላ የአስቴር የሥራ ባልደረባ የሆኑት አናሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ ነፃ እስኪወጡ ድረስ ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል።

የእነዚህ ልጆች ቃል ከነጋዴውና ከመንገደኛው ቃል ተለይቶ በብዛት ተጽፎ የተገኘው በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በመስከረም 1888 ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከራሃይታ ተነሥተው ወደ ዐረብ ምድር ይሻገሩ የነበሩ የሸራ ጀልባዎችን ይዛ በውስጣቸው የታጨቁትን የኦሮሞ ልጆች ወደ ኤደን ወሰደች። ከእነዚህና በቀጣዩ ዓመት ነፃ ከወጡት መካከል 64ቱ፣ ማለትም 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሎቭዴል ወደተባለው ትምህርት ቤት ከመላካቸው አስቀድሞ እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደያዛቸውና በየት በኩል እንዳለፉ ተጠይቀው የሰጡት መልስ ተመዘገበ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሮዎልት ሼል ይህን መዝገብ መርምረው በ2018 በመጽሐፍ አሳትመውታል። ከሃያ ሁለቱ ልጃገረዶች አንዷ ቢሾ ጃርሳ በደቡብ አፍሪካ መምህርት ሆኑ፤ የልጅ ልጃቸው ኔቪል አሌክሳንደር የዘር መድልዎ ሥርዓትን ታግሎ ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት የታሰረውና ከእስር በኋላ ዕድሜውን ለአፍሪካ ቋንቋዎች መብት ያዋለው ምሁር ነው። ከተሸጠች ልጅ እስከ ልጅ ልጅዋ የዘለቀ የነፃነትና የቋንቋ ጥያቄ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲገኝ እንደ ተራ አጋጣሚ ሊታለፍ አይገባም፤ የአስቴርም ሕይወት የሚመሰክረው ይኸንኑ ነው።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው። የተወለዱበት ሊሙ እናርያ ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ፣ ከጅማ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ አንዱ ሲሆን፣ ለባርነት የዳረጋቸውም የዚያው አገር ንጉሥ ነው። ይህ ነጥብ ሊሸፋፈን አይገባም። በዘመኑ ባርነት የባዕድ ወራሪ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ግብር ያልከፈለ፣ በጥፋት የተከሰሰ ወይም ጠባቂ ያጣ ቤተሰብ ልጆች በገዛ ገዢያቸው ትእዛዝ ወደ ገበያ ይወጡ ነበር። በ1886 አስቴርን ወደ የመን ያጓጉዝ የነበረውን ጀልባ የኢጣልያ መርከብ ያዘው፤ ኢጣልያ ምጽዋን ከያዘች ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነበር። ነፃ የወጡትም ልጆች ከምጽዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጡ።

ምኩሉ ትንሽ ጣቢያ ብትሆንም ትምህርት ቤት፣ የሴቶች ማደሪያና ማተሚያ ቤት ነበራት። በማተሚያ ቤቱ በኩል የኦሮምኛውን ሥራ የሚመሩት አናሲሞስ ነሲብ ነበሩ። በልጅነት ስማቸው ሂካ ይባሉ የነበሩት አናሲሞስ ከኢሉባቦር ተሰርቀው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ፣ በ1872 የተጠመቁ፣ ከዚያም በስዊድን አምስት ዓመት ተምረው የተመለሱ ሰው ሲሆኑ፣ የዕድሜ ልክ ዓላማቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ነበር። ነገር ግን ከባድ ችግር ነበረባቸው፤ ከወላጆቻቸው ቤት የተነጠቁት ገና በልጅነታቸው በመሆኑ ብዙ ቋንቋ አውቀው የገዛ ቋንቋቸው ግን በልጅነት መጠን ቀርቶባቸዋል። ሕግ፣ ፍርድ፣ ሐዘን፣ ምሕረት የሚባሉትን ነገሮች ለመግለጽ ከሸንጎና ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ቋንቋ ያስፈልጋል፤ ይህን ያሟሉላቸው በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡት፣ የሰሙትን የማይረሱት አስቴር ናቸው።

አስቴር በመጀመሪያ የተመደቡት የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስበው መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ነበር። በ1893 ምኩሉ ላይ የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን የተስተካከለውና የተቃናው በዚህ የቃላት ክምችት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አስቴር ከትዝታቸው አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 «ጀልቀበ ባርሲሳ»፣ ማለትም «የትምህርት መጀመሪያ»፣ በተባለው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። መጽሐፉ አስቴርና አናሲሞስ በጋራ ያዘጋጁት ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት አንድ ተራ ምሳሌ በቂ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። በኦሮምኛ መጥፎ ማለት የሆነውና ደጋ ማለት የሆነው ቃል ሁለቱም «በዳ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው የ«ደ» መላላትና መጥበቅ ብቻ ነው። በአማርኛ የሌለውን፣ አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገረውን ድምፅ ለመጻፍም ዛሬ «ዸ» ተብሎ የሚታወቀውን ዓይነት ተጨማሪ ምልክት መፍጠር አስፈልጓል። እንግዲህ አዘጋጆቹ በየገጹ ሕፃን ሳይሳሳት እንዲያነብ ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ማስቀደም እንደሚገባ፣ የትኛው ተረት ለጀማሪ እንደሚቀል፣ የአንዱ አገር አነጋገር ለሌላው አገር ሰው እንዴት እንደሚገባ መወሰን ነበረባቸው። ሊሙ፣ ሜጫ፣ ቱለማ፣ ወሎ እያለ በአነጋገር የሚለያየውን ቋንቋ ለሁሉም አንባቢ እንዲበቃ አድርጎ መጻፍ የምሁር ሥራ ነው፤ አስቴር ይህን የሠሩት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ሳሉ ነው።

የሰበሰቡትም ነገር ዓይነት ሊታሰብበት ይገባል። ተረትና እንቆቅልሽ፣ እሹሩሩና የሠርግ ዘፈን በአብዛኛው በሴቶች አፍ የሚኖር፣ በምድጃ ዙሪያና በወፍጮ ላይ የሚተላለፍ እውቀት ነው። የባሪያ ንግድ ከአንዲት ልጅ የሚወስደው ጉልበቷን ብቻ አይደለም፤ ስሟን፣ ዘመዶቿንና ቋንቋዋን አንድ በአንድ ይገፍፋታል፤ በየገበያው አዲስ ጌታ አዲስ ስም ይሰጣታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አምስት መቶ የሚያህል የቤት ቃል በአእምሮ ይዞ መውጣትና በወረቀት ላይ ማስፈር ነጋዴው ሊወስድ ያልቻለውን ሀብት ማስመለስ ነው። ይህ ጸሐፊዎቻችን ከሚሰጡት የበለጠ ክብር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ አስቴርን ከአሜሪካዊቷ ሶጆርነር ትሩዝ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ትሩዝ በ1797 ገደማ በኒው ዮርክ ግዛት በባርነት ተወለዱ፤ በ1826 ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው ከጌታቸው ቤት ወጡ፤ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ደቡብ የተሸጠውን ሌላ ልጃቸውን በፍርድ ቤት ተከራክረው አስመለሱ፤ በ1843 አሁን የሚታወቁበትን ስም አውጥተው ባርነት እንዲቀርና ሴቶች እኩል መብት እንዲያገኙ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሰበኩ። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበርና የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ለሌላ ሴት ተናግረው በማስጻፍ ነው። በ1851 በኦሃዮ፣ አክረን ላይ ያደረጉት ንግግር በዚያው ሰሞን በጋዜጣ ሲወጣ አንድ መልክ ነበረው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጸሐፊ ያወጡትና ዓለም ያወቀው ቅጂ ግን የደቡብ ባሪያዎችን አነጋገር በአፋቸው ያስገባ ነው፤ ትሩዝ ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በሆላንድኛ ነበር። የትሩዝ ድምፅ በሌሎች ብዕር ተቀርጾ ሲቀር፣ አስቴር የሌሎችን ድምፅ በራሳቸው ብዕር ቀርጸው የገዛ ድምፃቸው ሳይቀረጽ ቀረ። ትሩዝ አደባባይ ነበራቸው፤ ጋዜጣ፣ ማኅበርና ፍርድ ቤት ነበራቸው። በግቤም ሆነ በምጽዋ ለአንዲት ነፃ የወጣች ወጣት እንዲህ ያለ መድረክ አልነበረም፤ የነበረው ሰሌዳና ማተሚያ ነው፤ አስቴር የታገሉትም በእርሱ ነው።

ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ሥራው በዓለም የታወቀው በአናሲሞስ ስም ሲሆን፣ የአናሲሞስ ድካም ይህን ክብር የሚገባው መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም የአስቴር ስም አብሮ አለመነሣቱ በዘመኑ የሴት ምሁር ድካም ሁሉ እንደ ረዳት ሥራ ይቆጠር የነበረበትን ልማድ ያሳያል፤ ልማዱ እስከ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አስቴር በዚህ ብቸኛ አይደሉም። ከእሳቸው በፊት ጋናሜ የተባለች፣ በአውሮፓ ፓውሊነ ፋጥሜ ተብላ የተጠመቀች የኦሮሞ ልጅ ከግብፅ ወደ ጀርመን ተወስዳ በ1855 በዚያው በባዝል አጠገብ፣ በሪኸን ሞታለች፤ የክሪሾና ሚሲዮን ሰዎች ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ ከተነሣሡባቸው ምክንያቶች አንዱ የእሷ መታሰቢያ ነበር።

በ1904 አናሲሞስ፣ ባለቤታቸው ሊዲያ ዲምቦ፣ አስቴር ጋኖ፣ ፌቤን ሂርጴና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ቀደም ሲል አናሲሞስ በሱዳን በኩል ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ በታጁራ በኩልም ሸዋ ድረስ ደርሰው ፈቃድ አጥተው ተመልሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሳኔውን ከባድ ያደረገው ወደ ነበሩበት ምድር የተመለሱት ሴቶች ባርነት ገና በሕግ ወዳልተሻረበት አገር መግባታቸው ነው። በነቀምት የአካባቢው ገዥ ተቀበሏቸው፤ በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በአናሲሞስ ላይ ክስ ተነሣ፤ ጉዳዩ በ1906 አዲስ አበባ ደርሶ በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ታየ፤ በመጨረሻ ዐፄ ምኒልክ አናሲሞስ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ከስብከት እንዲቆጠቡ ታዘዙ። እገዳው የተነሣው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1916 ነው። አናሲሞስ በ1931 ሲያርፉ አስቴር ሥራቸውን ቀጥለው ነበር፤ ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር እንደ ቅንጦት በሚታይበት ዘመን ራሳቸው የተማሩ ሴት ሆነው መታየታቸው ብቻውን ትምህርት ነበር።

ሕጉ ከኋላቸው ቀስ እያለ ደረሰ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ሆኖ ነበር፤ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሪያዎች በደረጃ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1931 ተሻሻለ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ባርነት ሕጋዊ ዕውቅናውን ፈጽሞ አጣ። በ1931 እቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1957 ሰንዱ ገብሩ ለፓርላማ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። አስቴር ይህን ሁሉ በሕይወት ሳሉ አዩ። በልጅነታቸው ተሸጠው የነበሩት ሴት፣ አርጅተው ሴቶች ድምፅ የሚሰጡበትን ምርጫ ደረሱበት። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው የመነገድን ተግባር ሲከለክል፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን መብት በዝርዝር ደንግጓል።

ሆኖም ከባቲ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ባዶ አልሆነም። ዛሬ ከወሎና ከከሚሴ አካባቢ የሚነሡ ወጣቶች በአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሻገራሉ። ከእነዚህም መካከል ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ ልጃገረዶች አሉ። በፈቃዱ ሥራ ፍለጋ የሚሰደድን ሰው ከተሸጠ ሰው ጋር አንድ አድርጎ መናገር ስሕተት ይሆናል፤ የዛሬው ስደተኛ በአብዛኛው መንገዱን ራሱ የመረጠ ነው። ነገር ግን ደላላው በበረሃ መካከል ልጅቱን አግቶ ለቤተሰቧ ደውሎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፎ ደመወዟን ሲከለክል፣ ጉዳዩ ከስደት አልፎ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድ ብሎ ወደሚቀጣው ወንጀል ይገባል። ሊሸጡ የተነዱት የትናንት ልጆች ያለፉበትን መንገድ የሚያውቅ ወላጅና መምህር የዛሬውን ደላላ ቃል በቀላሉ አይቀበልም።

የአስቴር መጽሐፍ ግን ከዚህ ወላጅና መምህር እጅ አልገባም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኦሮምኛ ማተምና ማስተማር ታግዶ ቆየ፤ ከአብዮቱ በኋላ «በሪሳ» ጋዜጣ በግእዝ ፊደል መውጣት ጀመረ፤ በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚያው ፊደል አስተማረ፤ ከ1991 ወዲህ ደግሞ ቋንቋው ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚህ የተነሣ ቁቤን ብቻ የለመደ አንባቢ የአስቴርን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለ ተማሪ ግን በቁቤ ኦሮምኛን፣ በግእዝ ፊደል አማርኛን ይማራል፤ ስለዚህ የ1894ቱን መጽሐፍ ገልጦ ያለ አስተርጓሚ ለማንበብ ከማንም ይልቅ የተዘጋጀው የከሚሴ፣ የባቲና የሰንበቴ ተማሪ ነው። የዞኑ የትምህርት ባለሙያዎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን «ጀልቀበ ባርሲሳ»ን በአንድ ገጽ በግእዝ ፊደል፣ በትይዩው ገጽ በቁቤ አድርገው፣ የወሎ ኦሮምኛ ከምዕራቡ የሚለይባቸውን ቃላት በግርጌ እያስረዱ ቢያሳትሙት፣ በሽፋኑም ላይ የአስቴር ጋኖን ስም ከአናሲሞስ ነሲብ ስም እኩል ቢያሰፍሩት፣ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የዘገየ ሥራ ይፈጸማል።